ፊምፒዎቹ ከወጡ በኋላ

ደሉዝ፣ ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2003

ለአቶ ረስል ቲግ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሎርና ሀልቨርሰን እባላለሁ። ከገና በፊት ለካርቱን ድርጅታችሁ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ መልሱ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። በትልቅ ፖስታ የካርቱኑ ጀግና የካፒቴን ኦዴት ሥዕልና «ስለወደዳችሁን እናመሰግናለን!» የሚል የታተመ ካርድ ነው የተላከልኝ። ላኪውን እግዜር ይስጠው፤ እኔ የጠየቅኩት ግን ሥዕል አልነበረም። ደብዳቤዬን የከፈተው ሰው ሥራ በዝቶበት ይሆናልና አልቀየምም። ይህኛውን በእርስዎ ስም የላክሁት፣ በፊልሙ መጨረሻ ላይ «ደራሲ» የሚለው ሲያልፍ ቴፑን አቁሜ ስላነበብኩት ነው። ድፍረት ከሆነ ይቅርታ።

ዴሊያ ሰባት ዓመቷ ነው። የወለድኳት አይደለችም፤ የካውንቲው መስተዳድር በአደራ የሰጠኝ ልጅ ናት። ባለፈው ጁን ስትመጣ የእኔ ቤት ሦስተኛዋ ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለት ቤተሰቦች «አልቻልናትም» ብለው መልሰዋታል። መጀመሪያ ዝምተኛ ነበረች፤ በጋው ሲያልቅ አፏ ተፈታ። ሐይቁ ላይ የሚገቡትን የብረት ማዕድን ጫኝ መርከቦች አብራኝ ትቆጥራለች፣ የሟቹን ባሌን የአርኔን ኮፍያ ደፍታ ቤቱን ትዞራለች። እንዲያውም ወሬኛ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት የእናንተን ፕሮግራም አብረን እናያለን፤ እኔ ሹራቤን እየሠራሁ፣ እሷ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ። አንድ ቅዳሜ የመጣው የፊምፒዎቹ ክፍል ነበር። እርስዎ ጽፈውት ሳለ እኔ መልሼ መተረኬ ያስቃል፤ ግን እሷ ያየችውን እንዲያዩልኝ ብዬ ነው። በጠፈር መርከቧ ያሉት ልጆች ከአንድ ፕላኔት ሦስት ለስላሳ፣ ድብልብል እንስሳት ያገኙና መርከባቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ብስኩት ያበሏቸዋል፣ ያቅፏቸዋል፣ ስም ያወጡላቸዋል። ፊምፒዎቹ ሲበሉ ያድጋሉ፤ ሲያድጉ ጥርስ ያወጣሉ፤ ጥርስ ሲያወጡ የመርከቧን ሽቦ ይቆራርጣሉ፣ አንዱን ልጅም ሊበሉት ይደርሳሉ። በመጨረሻ ካፒቴን ኦዴት በሩን ከፍታ ሦስቱንም ወደ ባዶው ሰማይ ትሰዳቸዋለች። ልጆቹም «በሚቀጥለው ጊዜ ዓሣ ነው የምናሳድገው!» ብለው ይስቃሉ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ዴሊያ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ ምግብ እየቀነሰች መጣች። ዳቦዋን በኪሷ ይዛ ወጥታ ለወፍ ትበትናለች። ስታወራ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሐኪሙ መዘናትና ፊቱን አኮማተረ። ባለፈው ወር ካልሲ ሳጥፍ ጫፉ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የወተት ጥርስ ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ትራሱ ሥር አድርጎ ጠዋት ስጦታ ይጠብቅበታል።

«ለምን ደበቅሽው?» አልኳት።

«ለወይዘሮ ቪካንደር ትነግሪያታለሽ።» ወይዘሮ ቪካንደር ልጆቹን የምታመጣውና የምትመልሰው የካውንቲው ሠራተኛ ናት።

«ብነግራትስ?»

«ጥርስ ማውጣት ጀምሬያለሁ» አለችኝ። «ከበላሁ ደግሞ አድጋለሁ።»

አቶ ቲግ፣ ልጆቹን ሳይሆን ፊምፒዎቹን ሆና ነው ያየችው። ቢቻልዎት ሁለት ነገር ይመልሱልኝ። እነዚያ እንስሳት ከበሩ ከወጡ በኋላ ምን ሆኑ? ደግሞስ ይህን ታሪክ ከየት አመጡት?

አክባሪዎ፣
ሎርና ሀልቨርሰን


በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2003

ለተከበሩ ወይዘሮ ሀልቨርሰን፣

እንደምን ሰንብተዋል? ለተላከልዎ ሥዕል አፍሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ወደ እኛ ወደ ጸሐፊዎቹ ሳይደርስ ሌላ ክፍል ገብቶ ይቀራል። የእርስዎን ሳነብ ምሳዬ ቀዘቀዘ፤ ማጋነኔ አይደለም።

ዴሊያን ያስጨነቅናት ሳናስበው ነው። የሃያ ሁለት ደቂቃ ካርቱን ነው፤ ሃያ ሁለተኛዋ ደቂቃ ላይ መርከቧ መዳን አለባት፣ ልጆቹም መሳቅ አለባቸው። ታሪኩ ከየት እንደመጣ ለጠየቁኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ሰው አይመጣም። ስድስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ እንከብባለን፤ አንዱ አንድ ነገር ይወረውራል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ሳቅ ያገኘው ይጻፋል። ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም።

ለዴሊያ የጻፍኩትን በዚሁ ፖስታ ውስጥ ያገኙታል። ሠዓሊያችን ፊምፒ በአርኔ ኮፍያ ሥሎላታል። ፊምፒ ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ ጥሩዎቹ ፈጽሞ እንደማይቀየሩ፣ እሷም ከጥሩዎቹ እንደሆነች ነግሬያታለሁ። ከመርከቧ ስለተባረሩት ደግሞ፣ ብስኩት የሞላበት ፕላኔት አግኝተው በደስታ ይኖራሉ ብያለሁ። ልጅ ናትና ቶሎ ትረሳዋለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለእኔም ጥርሶቿን ይሳሙልኝ።

አክባሪዎ፣
ረስል ቲግ


ደሉዝ
ማርች 6 ቀን 2003

ለአቶ ረስል ቲግ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎና ሥዕሉ ደርሰውናል። ዴሊያ በስሟ የተጻፈ ፖስታ ደርሷት አያውቅም ነበር። ሥዕሉን አልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው። ሦስት ቀን ሙሉ በላች፣ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ መረቅሁዎት። ስለዚህ የምቀጥለውን እንደ ውለታ ቢስ አይቁጠሩብኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የአጃ ገንፎዋን እያማሰለች፣ «ሰውየው ጥሩ መሆኔን በምን አወቀ?» አለችኝ።

«ጽፌለት ነዋ።»

«ሁሉንም ነገርሽው?»

«ሁሉንም ምን?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

እኔ የምሠራው እሷ በምትማርበት ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ነው። ሐሙስ ዕለት ጭልፋ ይዤ ቆሜ፣ ሰልፉ ውስጥ ብሪት የምትባል ልጅ የዴሊያን ጓንት ነጥቃ ለጓደኞቿ ስትወረውር አየሁ። «የማንም ልጅ! የማንም ልጅ!» ትላታለች። ጭልፋዬን አስቀምጬ ሳልደርስ ዴሊያ ክንዷን ነከሰቻት። ደም ወጣ። ብሪት ጮኸች፣ ዴሊያ ደግሞ አልጮኸችም፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እኔን ታየኛለች። ያን አስተያየት ልነግርዎ አልችልም።

ቤት እንደገባን ቀጥታ ወደ ክፍሏ ወጣች። ስትወርድ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ወይዘሮ ቪካንደር ስትመጣ እንዳላስጠብቃት ብዬ ነው።»

«ማን ጠራት?»

«ከጥሩዎቹ አይደለሁም» አለች። «ደብዳቤውን መልሽለት፤ ተሳስቷል።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ማንም አልመጣም፣ እኔም ማንንም አልጠራሁ። በኋላ ካፖርቱ ሞቋት ራሷ አወለቀችው።

አቶ ቲግ፣ ክፉ አስበው እንዳልጻፉት አውቃለሁ። ግን «ጥሩ ስለሆንሽ አትቀየሪም» ሲሏት፣ «ከተቀየርሽ ወዮልሽ» ነው ያሏት። እሷ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለችም። እኔም አይደለሁም። ብስኩት የሞላው ፕላኔትዎንም አላመነችውም፤ የተመለሰ ልጅ የት እንደሚሄድ ከእርስዎ በላይ ታውቃለች።

ሁለተኛውን ጥያቄዬን ደግሞ አልፈውኛል። ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይስቃል ብለውኛል፤ ይሁን። መጀመሪያ የወረወረው ማን ነው? ካፒቴኗን በሩን ሲያስከፍቷት ሌላ መንገድ አልታየዎትም?

ሎርና ሀልቨርሰን


በርባንክ
ማርች 30 ቀን 2003

ለተከበሩ ወይዘሮ ሀልቨርሰን፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ታምሜ ነበር ብዬም ጀመርኩ። ሁለቱም ውሸት ነው። ይህ አምስተኛው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ የወረወርኩት እኔ ነኝ።

በ1991 እኔና ያኔ ሚስቴ የነበረችው ጆአን ልጅ አጥተን ስንኖር፣ አንድ ልጅ በአደራ ተቀበልን። ኮልቢ ይባላል። ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ጉንጩ ድንቡሽቡሽ፣ ሳቁ ለጎረቤት የሚሰማ። የመጀመሪያውን ወር ለወዳጅ ሁሉ እያዞርን አሳየነው። በሁለተኛው ወር ምግብ መደበቅ ጀመረ፤ ፍራሹ ሥር የበሰበሰ ዶሮ አገኘን። በሦስተኛው መስኮት ሰበረ። እኔን እጄን ነከሰኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ፣ ይህን ስጽፍ አየዋለሁ። በአራተኛው ወር ጆአን እንዳረገዘች ታወቀ። ጎረቤት በሙሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲለን ኮልቢ ጓዳ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ያ ሕፃን ሲመጣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው የምከተው» አለ። እኛም ፈራን። ያን ጊዜ ብንጠይቀው ምን ይለን እንደነበር ዛሬ አስባለሁ። አልጠየቅነውም። ስልክ ደወልን።

የመጡለት ዓርብ ነው። ልብሱን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት አድርገን ሰጠነው፤ ሻንጣ እንኳ አልገዛንለትም። እሱ አላለቀሰም። መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ «ሰኞ ትምህርት ቤት ማን ነው የሚወስደኝ?» አለኝ። እኔም «እናያለን» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አምስት ወር ነው የቆየው።

የሚያሳፍረኝ ይህ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ልጃችን ማዴሊን ከተወለደች በኋላ፣ ሰው ሲሰበሰብ አንድ ጨዋታ ነበረኝ። «አንዴ ቤታችን አንድ ለስላሳ ነገር መጣ፤ አበላነው፤ ጥርስ አወጣ!» እያልኩ ድምፄን እየቀያየርኩ እተርካለሁ። ሰዉ በሳቅ ይሞታል። ድመት ይሁን ውሻ የጠየቀኝ የለም። ባለፈው ዓመት ጠረጴዛው ላይ ሐሳብ ሲጠፋ ያንኑ ተረክሁ። ሁሉም ሳቁ፤ ተጻፈ። ዓሣ ስለማሳደግ የሚለው ቀልድም የእኔ ነው።

ሌላ መንገድ አልታየዎትም ወይ ብለውኛል። አልታየኝም ብል ይቀለኝ ነበር። አንደኛዋ ጸሐፊያችን፣ «ካፒቴኗ ብታስራቸውና አብራቸው ብትቀመጥስ?» ብላ ነበር። «አያስቅም» ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ለይቅርታ አይደለም። ዴሊያን በማይገባኝ ነገር እንዳጽናና ስለፈቀዱልኝ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባዎታል። ካሁን በኋላ ባይጽፉልኝ አልቀየምም።

ረስል ቲግ


ደሉዝ
ጁን 10 ቀን 2003

ለረስል፣

ከሁለት ወር በላይ ዝም ብያለሁ። ሐይቁ ቀለጠ፣ መርከቦቹ ተመለሱ፣ እኔ ደግሞ ደብዳቤህን ከመሳቢያ እያወጣሁ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን የማገዶ ምድጃዬን ከፍቼ ልከተው ነበር። ካሁን በኋላ አንተ ልበልህ፤ ዕድሜህ ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም፣ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም «እርስዎ» ማለት ከብዶኛል።

ሰው እንዲህ ያለውን ጉድ ጽፎ ሲልክ መልሱን ይፈራል። ስለዚህ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ የምለው እኔ አይደለሁምና። የበደልከው እኔን አይደለም። ኮልቢ አለ፤ ስንት ዓመቱ ሆነ? አሥራ ዘጠኝ? ለእኔ አምስት ወረቀት ከቀደድክ ለእሱ አንድ ጻፍ።

የራሴንም ልንገርህ፤ አንተን ለማጽናናት ግን አይደለም። ባለፈው ኖቬምበር ዴሊያ የአርኔን ደብዳቤዎች አገኘች። ሠላሳ ዓመት ከመርከብ ላይ የጻፈልኝ ነው። አንድ በአንድ ቀዳድዳ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ነከረቻቸው። ለምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ስልኩን አንስቼ የካውንቲውን ቁጥር ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው ሊያነሱት ይችሉ ነበር። ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁትም አላውቅም፤ ጥሩ ሴት ስለሆንኩ እንዳይመስልህ፣ ወጡ እያረረ ነበር። ደብዳቤህን ያላቃጠልኩት ይህን ሳስታውስ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ያን ዕለት አግዳሚው ላይ ምን እንዳልኳት ጠይቀህ ነበር፤ በስልክ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ያስቀመጥከው መልእክት ደርሶኛል። የተለየ ነገር አላልኳትም። «ስለ ነከስሽ ትቀጫለሽ» አልኳት። «ቅጣቱ ምንድን ነው?» አለች። «ነገ ለብሪት ኬክ ጋግረሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ ሁለት ሳምንት ቴሌቪዥን የለም።» «ከዚያስ?» «ከዚያማ ቅዳሜ ልብስ እናጥባለን፤ እሑድ አክስትሽ ከፋርጎ ትመጣለች።» አክስትሽ ያልኳት ልጄን ነው። ዴሊያ ትንሽ አሰበችና፣ «ሁለት ሳምንት በጣም ብዙ ነው» ብላ ተከራከረችኝ። የምትሄድ ልጅ ስለ ሁለት ሳምንት አትከራከርም፤ ያኔ ነው እፎይ ያልኩት።

ብሪት ኬኩን በላች፤ እናቷ ግን አልበላችም። ይሁን። ዴሊያ አሁን ትበላለች፤ ሌላ ሁለት ጥርስ ነቅላለች፣ ስትናገር ታፏጫለች። የወላጅ እናቷ ነገር ፍርድ ቤት ቀርቦ አልቋል። የጉዲፈቻው ቀን ሴፕቴምበር 12 ተቀጥሯል። ለዴሊያ ነግሬያታለሁ፤ «እሺ» ብቻ ነው ያለችው።

ለአንተ ጥያቄ አላት። ብስኩቱን ተወው ብላሃለች። «ካፒቴኗ ፊምፒዎቹን ካስወጣች በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት ወይ?» ነው የምትለው። እንደማታሞኛት አምናለሁ።

ሎርና


በርባንክ
ኦገስት 17 ቀን 2003

ለወይዘሮ ሎርና፣

እንደምን ከርመዋል? «አንተ» ስላሉኝ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ግን ከ«እርስዎ» አልወርድም።

ለኮልቢ ጻፍኩ። አድራሻውን የሚሰጠኝ አልነበረም፤ መስጠትም አልነበረባቸውም። የያኔዋ የካውንቲ ሠራተኛ ጡረታ ወጥታለች፤ እሷ ደብዳቤውን ወስዳ፣ «ከፈለገ ያነባል፣ ካልፈለገ ይጥላል» አለችኝ። ስድስት ሳምንት ምንም የለም። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮልቢ ስልክ ደወለ። ቤከርስፊልድ ከተማ ጣሪያ ይሠራል። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፤ ለምን እንደገረመኝ እንጃ።

«ረስል ነህ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ደብዳቤህን አነበብኩ። የመዋኛ ገንዳ ያላችሁ ናችሁ አይደል?»

«ገንዳ አልነበረንም።»

«እ… እንግዲያው ሌላ ቤት ነው። ሾርባ ላይ ሩዝ የምትጨምረው ሴት?»

«እሷ! ጆአን።»

«ደህና ናት?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የተወጋው ቤት በዝቶበት ተምታቶበታል፤ የማስታውሰው እኔ ነኝ። ስንት ቤት ነበር አልኩት። «መቁጠሩን ትቼዋለሁ» አለ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሹ ላይ አቋረጠኝ።

«ሕፃኑ ተወለደ?»

«ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ።»

የመኪና ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ይጠራዋል። ከዚያ፣ «ምንም አላደርጋትም ነበር እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ያኔ አታውቅም ነበር።»

«ያኔ አላውቅም ነበር።»

«እሺ። ሥራ አለብኝ» ብሎ ዘጋው። እንደገና እንደሚደውል አልነገረኝም። ቁጥሩን አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ማታውኑ ለማዴሊን ሁሉንም ነገርኳት። ጨዋታዬን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለምታውቀው መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ በኋላ ግን ተነሥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እስካሁን ብዙ አታናግረኝም።

ለአለቆቼ ካፒቴን ኦዴት ተመልሳ ፊምፒዎቹን ስትፈልግ የሚያሳይ ክፍል ላቅርብ ብዬ ነበር። «ያለቀ ታሪክ ነው፤ ልጆች አዲስ እንስሳ ይፈልጋሉ» አሉኝ። ገና አልተውኩትም፤ ግን ይሆናል ብዬ ለዴሊያ ቃል አልገባም። መልሷን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አስቀድመው ያንብቡት፤ የማይሆን ከመሰለዎት አይስጧት።

ረስል

*

ውድ ዴሊያ፣

ባለፈው የጻፍኩልሽ ስሕተት ነበር። ፊምፒ ሁለት ዓይነት አይደለም። ሁሉም ጥርስ ያወጣል፤ ሰውም እንደዚያው ነው። ጥርስ ማውጣት ጥፋት አይደለም። ሽቦ መቁረጥ ጥፋት ነው፤ የተቆረጠ ሽቦ ግን ይቀጠላል። ልጆቹም ካፒቴኗም ሽቦውን መቀጠል ይችሉ ነበር።

ካፒቴኗ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰው ሲያያት ትስቃለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን በሩን ታየዋለች።

በሩን የከፈተችው ፊምፒዎቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። ስለፈራች ነው። እነሱም ፈርተው እንደነበር አላወቀችም፤ አልጠየቀቻቸውም። ጥፋቱ የእሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ ስለ ብስኩት የነገርኩሽ፣ ባለማወቄ አፍሬ ነው። አሁን አንደኛው በሕይወት እንዳለ ሰምቻለሁ። አድጓል። ጣሪያ ይሠራል።

ረስል


ደሉዝ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 2003

ለረስል፣

እንደምን አለህ? ልጅህስ? ዝምታዋን አትቸኩልባት። አኩርፋ ቤትህ ብትመጣም ባትመጣም ምሳዋን አዘጋጅላት።

ደብዳቤውን አንብቤ ሰጠኋት። የጣሪያው ነገር ይገባት ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንዳንዱን ቃል አገዝኳት። «ይሄኛው እውነት ነው» አለች። ከዚያ «ጣሪያ ላይ ሲወጣ አይፈራም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንጃ አልኩ። ባለኮፍያውን ሥዕል አላነሳችውም። ደብዳቤውን ግን የት እንዳደረገችው አላውቅም፤ የራሷ ጉዳይ ነው።

በ12ኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ፍርድ ቤት ሄድን። ልጄ ከፋርጎ መጣች። ወይዘሮ ቪካንደር አበባ ይዛ መጣች፤ ዴሊያ ስታያት እጄን ጭብጥ አደረገች፣ ሴትዮዋም ገባትና ራቅ ብላ ቆመች። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። «ሎርና እናትሽ እንድትሆን ትፈልጊያለሽ?» አሏት። «የተናገርኩትን ትጽፉታላችሁ?» አለች። «እንጽፈዋለን።» «በእርሳስ ነው በቀለም?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ዳኛው ግን አልሳቁም። እስክሪብቶአቸውን አሳዩዋት። «እሺ፣ አዎ» አለች።

ሰው ሁሉ ሲያቅፋት ውላ ማታ ደክሟት ተኛች። እኔ በበኩሌ አለቅሳለሁ ብዬ ያዘጋጀሁትን መሐረብ ሳልፈታው ተመለስኩ። በማግስቱም ደህና ነበረች፤ በጣም ደህና፤ ሳህን ታጥባለች፣ «አመሰግናለሁ» ትላለች። ደስ አላለኝም። የሰባት ዓመት ልጅ እንደ ሆቴል እንግዳ ታመሰግነኛለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካልሄድኩ አለች። ነፋሱ ይጮኻል። «ጃኬት ልበሽ» አልኳት።

«አልለብስም።»

«እንግዲያው አትሄጂም።»

«አንቺ አታዢኝም!»

«አዝሻለሁ እንጂ። በቀለም ተጽፏል።»

ዓይኗ ፈጠጠ። መጀመሪያ የምትስቅ መሰለኝ። «እጠላሻለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ደረጃውን እየደበደበች ወጣች፣ የክፍሏን በር ወረወረችው። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ግድግዳው ላይ ያለው የአርኔ ፎቶግራፍ ወድቆ መስተዋቱ ተሰነጠቀ።

ረስል፣ ይህች ልጅ እዚህ ከመጣች አሥራ አምስት ወሯ ነው። አሥራ አምስት ወር ሙሉ በር ስትዘጋ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እጀታውን አዙራ፣ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ነበር የምትዘጋው። ደብዳቤዎቹን የቀደደች ቀን እንኳ በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ልወጣና ልቆጣት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ያኔ ነው መሐረቡ ያስፈለገኝ።

አልጠራኋትም። ስትረግጥ፣ መጫወቻ ስትወረውር፣ ስታጉረመርም ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ወረደች። ዓይኗ አብጧል። አለፈችኝና ወጥ ቤት ገብታ የድስቱን ክዳን አነሣች።

«እራት ምንድን ነው?»

«ማካሮኒ።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም» አልኳት። «ነገም ይተርፈናል።»

ሎርና